«ገንዘቤን ሁሉ ለሦስቱ ልጆቼ ከፍያለሁ»፦ ከአንድ የቆየ ኑዛዜ የተነሣ የቋንቋ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ በቤታችን የሴት ቅድመ አያታችን ኑዛዜ ነው እየተባለ ሲጠበቅ የኖረ አንድ ወረቀት አለ። ቀኑ የተጻፈበት ጥግ በእርጥበት ጠፍቷል። ዋናው ቃል እንዲህ ይላል፦ «ልቡናዬ፡ ሳይጠፋ፡ አንደበቴ፡ ሳይዘጋ፡ በንስሐ፡ አባቴ፡ ፊት፡ ተናዝዣለሁ፡ ገንዘቤን፡ ሁሉ፡ ለሦስቱ፡ ልጆቼ፡ ከፍያለሁ፡ ለታላቂቱ፡ እጅ፡ ቤቱን፡ ጨምሬያለሁ፡ አርባ፡ ብር፡ ለነፍሴ፡ ይሁን።» የአጎቴ ልጅ የቤተ ሰባችንን ታሪክ በኮምፒውተር ሲጽፍ «ጸሐፊው ተሳስቷል» ብሎ መካከለኛውን ዐረፍተ ነገር «ንብረቴን ሁሉ ለሦስቱ ልጆቼ አካፍያለሁ» በሚል አርሞታል። እኅቴ ደግሞ የሚታረም ነገር የለም፣ ቅድመ አያታችን ከልጆቻቸው የተበደሩትን ከፍለው መጨረሳቸውን ለንስሐ አባታቸው ተናዘዙ እንጂ ይህ የውርስ ወረቀት አይደለም ባይ ናት። ማንኛቸው ናቸው ትክክል? «እጅ» የሚለውስ ቃል እዚህ ቦታ ምን ይሠራል? የወረቀቱንም የተተየበውንም ቅጂ ፎቶግራፍ ልኬያለሁ።

መልስ፦ የአጎትዎ ልጅም እኅትዎም ተሳስተዋል፤ ስሕተታቸውም አንድ ዓይነት ነው። ሁለቱም የትናንቱን ጽሑፍ በዛሬ ጆሮ ሰምተውታል። የአጎትዎ ልጅ የሰሙት ስላልጣማቸው ጽሑፉን ለወጡ፤ እኅትዎ ጽሑፉን ሳይነኩ ታሪኩን ለወጡ። ወረቀቱ የውርስ ኑዛዜ ነው፤ ቅድመ አያትዎ ያላቸውን ሀብት ለሦስት ልጆቻቸው ደልድለውበታል፤ የጻፈላቸውም ሰው አማርኛውን አሳምሮ የሚያውቅ ነው። ለጥያቄዎ ይህ በበቃ ነበር። ነገር ግን አሮጌ ሰነድን «ማረም» የሚባለው ልማድ ዘወትር የሚከነክነኝ ጉዳይ ስለሆነ፣ ከጠበቁት በላይ ብረዝም እንዲታገሡኝ እለምናለሁ።

«ተናዝዣለሁ» ከሁሉ ቀላሉ ነውና በእሱ እንጀምር። ግእዙ ናዘዘ በባረከ ቤት የሚሄድ፣ ማለትም እንደ ባረከ የሚረባ ግስ ሲሆን ፍቺውም አረጋጋ፣ አጽናና ማለት ነው። እመቤታችን «ናዛዚተ ኅዙናን» መባሏ ያዘኑትን የምታጽናና በመሆኗ ነው። ከባረከ ቡራኬ እንደሚወጣ ሁሉ ከናዘዘ ኑዛዜ ይወጣል። ኃጢአቱን ለካህን የሚናገር ሰውም፣ ሞቱ ሲቃረብ ስለ ቤቱና ስለ ልጆቹ የሚናገር ሰውም፣ በልቡ የተሸከመውን አውጥቶ ያርፋልና አማርኛ ሁለቱን በአንድ ቃል ጠራቸው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ይህንኑ ቃል ተቀብሎ ኑዛዜን በግልጽ የሚደረግ፣ በተናዛዡ በራሱ የሚጻፍና በቃል የሚደረግ ብሎ በሦስት ይከፍለዋል። («ይከፍለዋል» ያልኩት አውቄ ነው፤ እመለስበታለሁ።) የንስሐ አባት በቦታው መገኘታቸው ወረቀቱን የንስሐ ወረቀት አያደርገውም፤ ካህን በኑዛዜ ላይ እማኝ ሆኖ መቀመጡ የተለመደ ነገር ነበር። የኃጢአት ኑዛዜ ደግሞ በቃል ተነግሮ በቃል ይቀራል እንጂ ተጽፎ ለልጅ ልጅ አይቀመጥም። «ልቡናዬ ሳይጠፋ አንደበቴ ሳይዘጋ» የሚለው መግቢያም ኋላ «አእምሮዋን ስታ ነው የተናገረችው» እንዳይባል የተቀመጠ የኑዛዜ አጥር ነው። ኃጢአቱን የሚናገር ሰው እንዲህ ያለ አጥር ምን ያደርግለታል?

«ገንዘብ» ግን ረዘም ያለ ነገር አለው። ዛሬ ገንዘብ ሲባል ኪስ፣ ባንክ፣ ብርና ሳንቲም ነው የሚታሰበን፤ ገንዘብ ያዥ ስንልም ማን እንደሆነ እናውቃለን። የቃሉ ጥንታዊ ስፋት ግን ይህ አልነበረም፤ ለማስረጃም ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በ1954ቱ የመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም፣ በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 20፣ የባልንጀራህን ቤት አትመኝ ካለ በኋላ በሬውንና አህያውን ጠርቶ «ከባልንጀራህ ገንዘብ ሁሉ ማናቸውንም አትመኝ» ይላል። በሬና አህያ ገንዘብ ናቸው ማለት ነው፤ ቤቱም እንዲሁ። «ገንዘብ ሁሉ» የሚለውን አነጋገር ልብ ይበሉልኝ፤ በቅድመ አያትዎ ወረቀት ላይ ያለው «ገንዘቤን ሁሉ» የዚሁ እኅት ነው። ጸሐፊው ትእዛዛቱን ሲሰማ ያደገ ሰው ከሆነ፣ ሁሉንም ዓይነት ሀብት ባንድ ቃል ለመጠቅለል ከዚህ የተሻለ ሐረግ ከየት ያመጣል?

ቃሉን ከዘመዶቹ ጋር ብናየው ነገሩ የበለጠ ይገለጣል። ተገነዘበ፣ አገናዘበ፣ ግንዛቤ ከዚሁ ከገንዘብ ጋር አንድ ሥር አላቸው። ሊቃውንቱ «ትሕትናን ገንዘብ አደረገ» ሲሉ የራሱ አደረገ፣ ባሕርዩ አደረገ ማለታቸው እንጂ ትሕትናን ሸጦ ብር አገኘ ማለታቸው አይደለም። ነገርን ተገነዘበ ማለትም በልቡ የራሱ አደረገው ማለት ነው። በሰዋስው ትምህርት የእኔ፣ የአንተ፣ የእሷ የሚሉትን «አገናዛቢ ተውላጠ ስም» የምንላቸው ባለቤትንና የባለቤትን ነገር ስለሚያገናኙ ነው። እንግዲህ የሥሩ አስኳል «የራስ መሆን» ነው፤ ገንዘብ ማለት የእኔ የምለው ሁሉ ነው። ብር የእኔ ከምላቸው ነገሮች አንዱ ብቻ ነበር፤ እየዋለ እያደረ የአባቱን ስም ለብቻው ወረሰ። (በዚህ አጋጣሚ «የግንዛቤ ማስጨበጫ መድረክ» የሚባለውን ሳልነካ ማለፍ አልችልም። ግንዛቤ ማለት ራሱ በልብ መያዝ፣ የራስ ማድረግ ከሆነ፣ የተያዘን ነገር እንደገና ማስጨበጥ ለምን እንዳስፈለገ አይገባኝም። ቃሉ አሁን በየቢሮው ስለገባ የሚያስወጣው አይገኝም።)

ጸሐፊው በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት እንደሚያውቅ ከራሱ ከወረቀቱ ማሳየት ይቻላል። ጥሬ ገንዘብ ማለት ሲፈልግ «ገንዘብ» አላለም፤ «አርባ ብር ለነፍሴ ይሁን» አለ። ብር በግእዙ ብሩር የሚባለው ማዕድን ነው፤ መገበያያው ከእሱ ስለሚሠራ ስሙን ይዞ ቀረ። ስለዚህ በአንድ ወረቀት ላይ፣ በአንድ እጅ ጽሑፍ፣ ለጠቅላላው ሀብት «ገንዘብ»፣ ለሚቆጠረው «ብር» ተብሎ ተለይቶ ተቀምጧል። እኅትዎ እንደሚሉት «ገንዘቤን ሁሉ» ማለት ያላትን ብር ሁሉ ማለት ቢሆን ኖሮ፣ ሁሉም ከተሰጠ በኋላ ለነፍስ የሚሆነው አርባ ብር ከየት ይመጣል?

የአጎትዎ ልጅ ገንዘብን በ«ንብረት» መተካታቸው ደግሞ ራሱን የቻለ ጉድ ነው። ንብረት ከነበረ የወጣ ነው፤ ነበረ በግእዝ ተቀመጠ ማለት ሲሆን ንብረትም አቀማመጥ፣ አኗኗር ማለት ነው። ቤት ንብረት የሚለው አነጋገር ዛሬም የዚህ ሽታ አለው፤ «ቤት ንብረት ያዘች» ስንል ዕቃዋን ብቻ አይደለም፣ ትዳሯንና አኗኗሯንም ጨምረን ነው። «ተንቀሳቃሽ ንብረት» የሚለው የሕግ ቃል በመነሻ ፍቺው ቢታይ «የሚሄድ መቀመጥ» እንደ ማለት ነው። ይህን ስል ንብረት ዛሬ ሀብት ማለት አይደለም እያልኩ አይደለም፤ ሕጉም ሕዝቡም ተስማምተውበታል፣ እኔም በየቀኑ እጽፈዋለሁ። ነገር ግን የፍቺ ታሪኩ ከገንዘብ ያልተሻለን ቃል አምጥቶ ትክክለኛው ይህ ነው ብሎ በሟች አፍ ማስገባት እርማት አይባልም። አንዱን ልማድ በሌላ ልማድ መለወጥ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ «ከፍያለሁ» እንምጣ።

ከፈለ በግእዝም በአማርኛም በመጀመሪያ ለየ፣ ደለደለ፣ አንዱን ብዙ አደረገ ማለት ነው። ክፍል፣ ከፊል፣ ክፍለ ዘመን፣ ክፍለ ጦር፣ ክፍለ ሀገር ሁሉ ከዚህ ናቸው። ሙሴ ባሕር ከፈለ ሲባል ለባሕሩ ዋጋ ሰጠ ብሎ የሚረዳ ሕፃን እንኳ የለም። እናት ልጇን «የአብራኬ ክፋይ» ስትል ክፍያ እየጠየቀች አይደለም። ሰቃዮቹም ልብሱን «ተከፋፈሉ» ይላል መዝሙረኛው። በግእዙ ዳዊት በመዝሙር 15 ደግሞ «እግዚአብሔር መክፈልተ ርስትየ» የሚል ቃል አለ፤ መክፈልት ድርሻ ነው፣ ርስት ደግሞ ከወረሰ የወጣ ነው፣ ከወረደ ርደት፣ ከወለደ ልደት እንደሚወጣ ሁሉ የመጀመሪያው ወ ተጎርዶ። ስለዚህ ውርስንና ከፈለን አንድ ላይ ማየት ለቅድመ አያትዎ ዘመን ሰው እንግዳ ነገር አልነበረም። በየዕለቱ በሚደገም ዳዊት ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

ዕዳን መመለስ፣ ዋጋን መስጠት በግእዝ የሚነገረው በፈደየ ነበር። ፍዳ ከዚህ የመጣ ነው። ነገር ግን ፍዳ በአማርኛ ከገበያ ወጥቶ ወደ ቅጣትና ወደ መከራ ሄደ፤ ዛሬ «ፍዳውን አየ» እንላለን እንጂ ለባለ ሱቅ ፍዳ የሚሰጥ የለም። ባዶ የቀረውን ቦታ ከፈለ ያዘው። እንዴት ያዘው ቢሉ፣ መንገዱ በእርሻ በኩል ይመስለኛል። እኩል አራሽ ወይም ሲሶ አራሽ ምርቱ ሲገባ ለባለ መሬቱ ከፈለ ሲባል፣ በአንድ ድርጊት ሁለት ነገር ሆኗል፤ ምርቱን ለየ፣ የባለ መሬቱንም ድርሻ ሰጠ። መስጠቱ ከመለየቱ ጋር ተጣብቆ ኖረና፣ መለየት የሌለበት መስጠት በመጣ ጊዜም ቃሉ አልተለወጠም። ዛሬ ደሞዝ ሲከፈል የሚቆረስ ነገር አይታየንም፤ ቃሉ ግን ከመቁረስ የመጣ ነው።

እዚህ ላይ ሰዋስው አዋቂዎችም ሳይቀሩ ልብ የማይሉት አንድ ነገር አለ። ስሞቹ ቀድመው ተለያይተዋል፤ ግሱ ግን አልተለያየም። ክፍያ ለዋጋ፣ ለደሞዝና ለዕዳ ብቻ ሆኗል፤ ክፍፍልና ክፍል ለመደልደል ብቻ ሆነዋል። «የውርስ ክፍፍል» የሚል ሰው «የቤት ኪራይ ክፍፍል» አይልም። አስከፈለም ወደ ገንዘቡ ጎራ ጠቅልሎ ገብቷል። ከፈለ ራሱ ግን እስከ ዛሬ ሁለቱንም ይዞ አለ፤ በትንቢትም ይከፍላል፣ በቦዝም ከፍሎ፣ ለሁለቱም ፍቺ አንድ ነው። ስለዚህ ፍቺውን የሚለየው ተሳቢው ነው። የሚከፈለው ዕዳ፣ ዋጋ፣ ግብር፣ ኪራይ፣ ደሞዝ ከሆነ መስጠት ነው፤ የሚከፈለው ሙሉ የነበረ፣ አንድ የነበረ ነገር ከሆነ መለየት ነው። በወረቀቱ ላይ ዕዳ የለም፣ ዋጋ የለም፣ «ስለ እገሌ ነገር» የሚል የለም፤ ያለው «ገንዘቤን ሁሉ» የሚል አንድ ሙሉ ተሳቢና «ለሦስቱ ልጆቼ» የሚል ሦስት ተቀባይ ነው። አንድ ሙሉ ነገር ለሦስት! ከዚህ የበለጠ የመደልደል ዐረፍተ ነገር ከየት ይገኛል? እናት ለሦስቱም ልጆቿ ባንድ ጊዜ ባለዕዳ ሆና፣ ያላትንም ሁሉ ሰጥታ ተገላገለች ማለት ይቻል ይሆናል፤ ለእንዲህ ያለው ታሪክ ግን ሌላ ማስረጃ መምጣት አለበት።

የአጎትዎ ልጅ ከፈለ መለየት ማለት እንደሆነ ተረድተዋል፤ ግን ጸሐፊው አካፍያለሁ ሊል ፈልጎ «አ»ን ጥሏል ይላሉ። ፎቶግራፉን አጉልቼ አየሁት። በ«ልጆቼ» እና በ«ከፍያለሁ» መካከል ሁለቱ ነጥቦች ጥርት ብለው ይታያሉ፤ የተፋቀም የተዳፈነም ፊደል የለም። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ከአካፍያለሁ ላይ አ ብቻ ቢወድቅ የሚቀረው «ካፍያለሁ» በራብዑ (በአራተኛው ፊደል) ካ ነው እንጂ «ከፍያለሁ» በግዕዙ (በመጀመሪያው ፊደል) ከ አይደለም። ጸሐፊው ግዕዙን ከራብዑ ያምታታል እንዳይባል፣ ቀደም ብሎ የጻፋቸውን ሁለት ቃላት ይመልከቱ፤ «አንደበቴ» ላይ ያለው በ ሁለት እግሩ እኩል ሲሆን፣ «አባቴ» ላይ ያለው ባ ቀኝ እግሩ ወርዶ ቁልጭ ያለ ራብዕ ነው። ይህ እጅ የከን እግር ማስረዘም አያቅተውም ነበር። ባለማወቅ የተጣለ ፊደል የለም፤ ጸሐፊው ከፍያለሁ ሊል ፈልጎ ከፍያለሁ አለ።

ሆኖም ከዚህ ወረቀት የሚሰፋ አንድ ሙግት አለ። ከፈለ ለክፍያ ብቻ ይቀመጥ፣ አካፈለ ለድልድል ብቻ ይሁን፣ አንድ ቃል አንድ ፍቺ ሲኖረው ጽሑፍ ይጠራል የሚል ወገን ከተነሣ ቆይቷል። በዚህ ወገን ዘንድ «ርስቱን ለልጆቹ ከፈለ» ማለት ወይ ያረጀ ወይ የተሳሳተ አማርኛ ነው። ሐሳቡ ለሰሚው ደስ ይላል፤ ከግሱ ጠባይ ጋር ግን አይገጥምም። በአምስቱ አዕማድ ቆጠራ ከፈለ አድራጊ፣ ተከፈለ ተደራጊ፣ አስከፈለ አስደራጊ ነው፤ ተካፈለ ተደራራጊ፣ አካፈለ ደግሞ አደራራጊ ነው። አደራራጊ ማለት ሁለትና ከዚያ በላይ የሆኑትን እርስ በርስ እንዲያደርጉ የሚያደርግ ነው። ሽማግሌዎች ወንድማማቾቹን አካፈሏቸው ሲባል የተጣሉበትን ነገር እንዲካፈሉ አደረጓቸው ማለት ነው፤ ሽማግሌዎቹ የነገሩ ባለቤት አይደሉም። ያለውን አካፈለኝ ሲባልም ሰጪው ራሱም ከተካፋዮቹ አንዱ ነው፤ የራሱ ድርሻ አልቀረበትም። «ልምዱን አካፈለን» የሚለውም በዚሁ ሥርዓት የሄደ ነው፤ ልምዱን ሲያካፍል ልምዱ አያልቅበትም። (ዛሬ ለዚሁ «ሼር አድርጉ» ይባላል፤ ካካፍሉ የሚያጥር ስለሆነ ይሆናል ብዬ ፊደሎቹን ብቆጥር እንኳ አልሆነም።) እንግዲህ ቅድመ አያትዎ ከውጭ የመጡ ዳኛ አይደሉም፤ ሊሞቱ ስለሆነም ከተካፋዮቹ አንዷ አይደሉም። የራሳቸው የሆነውን፣ ለራሳቸው ሳያስቀሩ፣ በራሳቸው ቃል ለሦስት ለዩት። ለዚህ የሚስማማው አድራጊው ነው፤ ከፈሉ። አካፈሉ ቢባል ቁርጥ የነበረው ቃል ይለሰልሳል፣ ልጆቹም ገና ሊደራደሩ እንደሚችሉ ዓይነት ነገር ይገባበታል።

ይህን የሚያነብ ተቃዋሚዬ ሉቃስ ምዕራፍ 15ን እንደሚያነሣብኝ አውቃለሁ። ታናሹ ልጅ «ከገንዘብህ የሚደርሰኝን ክፍል ስጠኝ» ሲለው አባትየው «ገንዘቡንም አካፈላቸው» ይላል የ1954ቱ ትርጉም። ጥቅሱ ለገንዘብ ፍቺ ጥሩ ምስክሬ ነው፤ ለከፈለ ግን ተቃወመኝ። የነገሩ ባለቤት አባትየው ራሱ ነው፣ ድርጊቱም ሀብትን ለልጆች መደልደል ነው፣ ተርጓሚዎቹም አካፈለን መርጠዋል። አባትየው አልሞተም፣ ከታላቁ ልጁ ጋር በቤቱ ቀርቷል፣ ስለዚህ ከተካፋዮቹ አንዱ ነው ብዬ ለማምለጥ እችል ነበር፤ ደግሞም ብዬዋለሁ፤ ግን ክርክሩ ቀጭን እንደሆነ ይሰማኛል። የሒሳብ መምህራንም «ስምንትን ለሁለት ማካፈል» ሲሉ ስምንት ከማንም ጋር አይካፈልም፤ በዚያ ቦታ አካፈለ ከንጹሑ ከፈለ የሚለይበት ምንም ነገር የለም። ስለዚህ ያቆምኩት ድንበር በሁሉም ቦታ እንደማይጠበቅ እቀበላለሁ። ጆሮዬ ግን አልተቀበለም፤ «ርስቷን ከፈለች» የሚለው አሁንም ከ«አካፈለች» ይልቅ የባለቤት ቃል ይመስለኛል፣ የሚመስለኝንም እጽፋለሁ።

አጠቃቀሙ እንደሄደ ግን መካድ አይቻልም። ዛሬ አንዲት እናት ኑዛዜ ልታጽፍ መጥታ ብታማክረኝ «ገንዘቤን ለልጆቼ ከፍያለሁ» ብለሽ ጻፊ አልላትም። ዳኛውም ውርስ አጣሪውም የሚያነቡት በዛሬ ጆሮ ነው፤ «ንብረቴን ልጆቼ እኩል ይካፈሉ» ወይም «ከዚህ እንደሚከተለው አካፍያለሁ» ብትል ይሻላታል። ከፈለ ለብቻው፣ ያለ ሌላ ረዳት ቃል፣ ሲሰማ ወደ ክፍያ ማዘንበሉ ከአሁን ወዲያ የሚመለስ አይደለም። እኔ የምቃወመው ይህ የዛሬ ምክር ወደ ኋላ ሄዶ የሞተን ሰው ቃል ሲያርም ነው።

የተተየበው ቅጂ ሌላም ጉዳት አድርሷል፤ ጠያቂዬ ያላዩት ይመስለኛል። በዋናው ወረቀት ላይ ከመጀመሪያው ቃል እስከ «ይሁን» ድረስ ሁለት ነጥብ ብቻ ነው ያለው። በቅጂው ላይ ግን «ተናዝዣለሁ» ካለ በኋላ አራት ነጥብ ገብቷል። ይህች አራት ነጥብ ናት ኑዛዜውን ከድልድሉ ቆርጣ፣ መጀመሪያ ንስሐ ገባች፣ ቀጥሎ ስለ ገንዘብ አወራች የምታሰኘው፤ እኅትዎ ያነበቡት ከቅጂው ከሆነ ለስሕተታቸው ግማሹን ተጠያቂ አራት ነጥቧ ናት። በዋናው ላይ ንግግሩ አንድ ወጥ ነው። «ተናዝዣለሁ» ያለችው ምን እንደሆነ ቀጥሎ ያለው ሁሉ ይናገራል። ገንዘቤን ከፍያለሁ፣ ቤቱን ጨምሬያለሁ፣ አርባ ብር ለነፍሴ ይሁን፤ የተናዘዘችው እነዚህን ነው።

ስለ «እጅ» የጠየቁት ለትንሽ ነገር ብለው ይሆናል፤ ነገር ግን ክርክሩን የሚዘጋው እሱ ነው። እጅ ከሰውነት ክፍልነቱ ሌላ ድርሻ፣ ከአንድ ሙሉ ነገር የወጣ ፈንታ ማለት ነው። ሁለት እጁን ለእገሌ፣ አንድ እጁን ለእገሊት ይባላል፤ ከመቶ ሃምሳ እጅ ይባላል፤ ሦስት እጅ አድርጎ ከፈለው ይባላል፣ በዚህ በመጨረሻው ላይ ሁለቱ ቃላት አብረው እንደሚሄዱ ልብ ይበሉ። እኅትዎ «ለታላቂቱ እጅ» ሲል በእጇ አስረከበቻት ማለት ነው ቢሉ፣ ለዚያ አማርኛ የሚለው «በታላቂቱ እጅ» ነው፤ በ እንጂ ለ አይሆንም። «ጨምሬያለሁ» የሚለውም ግስ ያለ ነገር አልገባም። የሚጨመረው በነበረ ነገር ላይ ነው፤ በታላቂቱ ድርሻ ላይ ቤቱ የሚጨመርላት አስቀድሞ ድርሻ ተለይቶላት ከሆነ ብቻ ነው። ድርሻውን የለየው ቃል የትኛው ነው? ከእሱ በፊት ድርሻ ሊለይ የሚችል ግስ አንድ ብቻ ነው፤ «ከፍያለሁ»። ስለዚህ ከፍያለሁን የፈታው እኔ ሳልሆን ከሥሩ ያለው የወረቀቱ መሥመር ነው። ከዚህም የቅድመ አያትዎን አደላደል በትክክል እናገኛለን፤ ያላቸውን ለሦስት ከፈሉ፣ ከሦስቱ በአንዱ፣ በታላቂቱ ልጃቸው ድርሻ ላይ ቤቱን አከሉ፣ ለነፍሳቸው አርባ ብር ለዩ። ሦስቱ እጆች መጀመሪያ እኩል ነበሩ ወይስ አልነበሩም የሚለውን ወረቀቱ አይናገርም፤ የተተየበው ቅጂ በግርጌው «እኩል» ብሎ የጨመረው ከየትም አልመጣምና ይውጣ።

በቤተ ሰብዎ ታሪክ ውስጥ ጽሑፉ እንዳለ ይግባ፤ ሁለት ነጥቦቹም ሳይቀሩ። ከሥሩ በትንሽ ፊደል፣ ገንዘብ ጠቅላላ ሀብት፣ ከፈለ ደለደለ፣ እጅ ድርሻ ተብሎ ቢፈታ የዛሬ አንባቢ አይቸገርም። የአጎትዎ ልጅ «አካፍያለሁ» ካላሉ ነገሩ የማይጥማቸው ከሆነ፣ እዚያው ግርጌ ላይ በስማቸው ይጻፉት።